ዳኛው ከመስታወቱ ሥር

ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ምን ይመኛል? «ሕጉ ይነበብልኝ» ይላል ወይስ «ይታዘንልኝ»? ተበዳይ ፍትሕን፣ ጥፋተኛ ምሕረትን ይመርጣል ብለን ነገሩን በአጭሩ ልንቋጨው እንችል ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ጥያቄ አለ። ምሕረቱን የሚሰፍረው ማነው? በምንስ ቁና? ስለ ፍርድና ምሕረት ፈላስፎችም የሃይማኖት ሊቃውንትም ብዙ ብለዋል። እኔ ግን ዛሬ ምሳሌዬን የማመጣው ከመጫወቻ ማሽን ነው፤ ፈረንጆቹ ፒንቦል ከሚሉት። ቀልድ የመሰለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

ፒንቦል አራት እግር ያለው፣ ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ፣ በመስታወት የተከደነ ሣጥን ነው። በውስጡ ባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ 27 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ግራም ያህል ክብደት ያላት የብረት ኳስ ትሮጣለች። ተጫዋቹ በሣጥኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች ሲጫን ከሰሌዳው ግርጌ ያሉ ሁለት አጫጭር ክንዶች ተወንጭፈው ኳሷን ወደ ላይ ይመልሷታል። በክንዶቹ መካከል ሾልካ ከወረደች ግን አለቀላት። ከእኛ ሠፈር ጆተኒ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በጆተኒ ከማዶ የቆመው ባላጋራ ሰው ነው፤ ቢያጭበረብር ይታያል፣ ይነገረዋል። በፒንቦል ግን ባላጋራውም ዳኛውም ራሱ ሣጥኑ ነው።

የጨዋታው አገር ቺካጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የጎትሊብ ኩባንያ «ባፍል ቦል»ን ሲያወጣ ክንድ የሚባል ነገር አልነበረውም። ተጫዋቹ ኳሷን ይወረውርና በምስማሮቹ መካከል እየተላተመች የት እንደምትወድቅ ይጠብቃል፤ በቃ። ክንዶቹ የመጡት ያው ኩባንያ በ1947 ባወጣው «ሃምፕቲ ደምፕቲ» ነው። እስከዚያ ግን የጨዋታው ስም ጠፍቶ ነበር። የኒው ዮርክ ከንቲባ ላጓርዲያ ቁማር ነው ብለው ስለዘመቱበት በ1942 በከተማይቱ ታገደ፤ ማሽኖቹም በመዶሻ ተሰባበሩ። እገዳው የተነሣው በ1976 ነው። ያን ጊዜ ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ማሽን አስቀርቦ ተጫወተ። ኳሷን በየትኛው መተላለፊያ እንደሚያሳልፋት አስቀድሞ ተናገረ፤ እንዳለውም አሳለፋት። የክርክሩ ጭብጥ ውጤቱን የሚወስነው የሰው እጅ ነው ወይስ ዕድል የሚል ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ወሳኝ ጨምረን መጠየቅ ይኖርብናል። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ሁለቱን ዳኞች፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ እንተዋወቃቸው።

አሮጌው ማሽን በኤሌክትሪክ ይሥራ እንጂ አንጎል አልነበረውም። ከፍቶ የሚያየው ሰው የሚያገኘው የሽቦ ጥቅል፣ ማግኔት፣ ጥርስ ያለው ጎማና ብዛት ያላቸው ስስ የብረት ምላሶችን ነው። ኳሷ አንዱን መምቻ ስትነካ ምላስ ከምላስ ይገጥማል፤ ማግኔቱ ይስባል፤ የነጥቡ ጎማ አንድ ቁጥር ይዞራል፤ ደወሉ ይመታል። መዳፉን በሣጥኑ ላይ ያሳረፈ ተጫዋች የያንዳንዱ ነጥብ ንዝረት ይሰማዋል። ነጻ ጨዋታ ያገኘ እንደሆነ ደግሞ ከውስጥ አንዲት መዶሻ እንጨቱን «ቋ!» ታደርገዋለች። ነጥብ አልቆጠረም ማለት የሆነ ቦታ የቆሸሸ ወይም የጎበጠ ምላስ አለ ማለት ነው፤ በስስ ሞረድ ጠረግ፣ በእጅም ቃና ይደረጋል። ባጭሩ ፍርዱና ምክንያቱ አልተለያዩም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ማይክሮፕሮሰሰር ገባና ነገሩ ተለወጠ። በ1979 የዊሊያምስ «ጎርጋር» በሰው ድምፅ ተናገረ። ሰሌዳው ይበልጥ አዘነበለ፤ ክንዶቹ በረቱ፤ ኳሷ ጠመዝማዛ መወጣጫዎችን እንደ ጥይት መውጣት ጀመረች። በሺህ ይቆጠር የነበረው ነጥብ ወደ ሚሊዮን፣ አልፎም ወደ ቢሊዮን ደረሰ። በ1992 የወጣው «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» ከ20 ሺህ በላይ ተሸጧል። የዛሬዎቹማ ፊልም የሚያሳይ ስክሪን አላቸው። ስተርን የተባለው የቺካጎ አካባቢ ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቹ በስልኩ ማንነቱን አስታውቆ ውጤቱን የሚያስመዘግብበትን ዘዴ አምጥቷል። አሮጌው ማሽን ማን እንደቆመበት አያውቅም ነበር፤ አዲሱ ስም ይጠራል።

ጥያቄያችን ጎልቶ የሚታየው ማሽኑ በሚቀጣበት ጊዜ ነው። ሣጥኑን ገፋ ነቅነቅ አድርጎ ኳሷን ማዳን በአሮጌውም በአዲሱም የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም የጎበዝ ተጫዋች ጥበብ ነው። ግን ልክ አለው። በሣጥኑ ውስጥ እንደ ግንበኛ ቱንቢ የተንጠለጠለ ዘንግ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ የብረት ቀለበት። ተጫዋቹ ከልክ በላይ ሲገፋ ቱንቢው ቀለበቱን ይነካል፤ ኳሷም ትወረሳለች። በብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች እንዲያውም ጨዋታው በሙሉ ያከትም ነበር። ማስጠንቀቂያ ብሎ ነገር የለም። አዲሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ሁለቴ ያስጠነቅቃል፤ አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ብለው እጁን የሰነዘረውን ሰው እንደሚያስቆሙት ማለት ነው። ኳሷም በጀመረች በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ብታመልጥ ይመልስለታል። ሳንቲሙን ከትቶ ገና ሳይጫወት ለሚሸነፍ ጀማሪ ይህ ትልቅ ደግነት ነው። እዚህ ላይ አዲሱ ከአሮጌው የተሻለ ዳኛ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

ይሁንና ሌላም ነገር አለ። በብዙ ማሽኖች ጨዋታው ሲያበቃ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ከተጫዋቹ ነጥብ መጨረሻ ጋር ከገጠመ ነጻ ጨዋታ ያገኛል። በአሮጌው ማሽን ይህ ቁጥር በጨዋታው መካከል ሲሽከረከር የቆየ ጎማ የቆመበት ነው፤ ከአሥር አንድ ዕድል ነው፤ ማንም አላሰበበትም። በአዲሱ ቁጥሮቹ በስክሪን ላይ ሲንከባለሉ ልብ ያንጠለጥላሉ፤ ከመቶ ስንት ጊዜ ይግጠም የሚለውን ግን የማሽኑ ባለቤት ወደ ውስጥ ገብቶ ሊያስተካክለው ይችላል። ዕጣ መስሎ የሚታየው ነገር ልኩ አስቀድሞ ተሰፍሯል። ለነጻ ጨዋታ የሚያበቃው ነጥብም እንዲሁ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ ማሽኖች የተጫዋቾችን ውጤት እየመዘገቡ፣ ሰዉ ሲጎብዝ ደፉን ራሳቸው ከፍ ያደርጉታል። ተጫዋቹ ቁጥሩን ያያል፤ ለምን ከፍ እንዳለ ግን የሚነግረው የለም።

«አሮጌውስ ጻድቅ ነበር እንዴ?» የሚል ይኖራል። አልነበረም። የጥንቱ ባለቤት ምስማር ያጎብጥ፣ የኋላ እግሮቹን ከፍ ያደርግ፣ የቱንቢውን ቀለበት ያጠብ ነበር። በአሮጌው ዘመን ሰው ያጭበረብር ነበር፤ በአዲሱም ያጭበረብራል። ልዩነቱ የጎበጠ ምስማር በዓይን መታየቱ፣ የሰሌዳው ማዘንበልም በኳሷ አካሄድ መታወቁ ነው። የተጠራጠረ ተጫዋች ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ያያል። በቺፕ ውስጥ የተጻፈን ቁጥር ግን ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል? እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?

ስለዚህ መሥመሩን ስናሰምር በአሮጌና በአዲስ መካከል ባናሰምረው ይሻላል። መሥመሩ የሚያልፈው በራሱ በአዲሱ ማሽን መካከል ነው። የማስጠንቀቂያው ምሕረት ለሁሉም እኩል ነው፤ ደንቡም ቀድሞ ይታወቃል። የምትመለሰዋ ኳስም እንዲሁ፤ ጊዜው እስኪያልፍ በሰሌዳው ላይ መብራት ብልጭ እያለ «አሁን ብታመልጥ ትመለሳለች» ይላል። ይህ ምሕረት የሕጉ አካል ሆኗል፤ ፍትሕን አልጎዳም፣ አሻሻለው እንጂ። ከመጋረጃ ጀርባ የሚሰፈረው ዕድል ግን ሌላ ነው። ለተጫዋቹ የሚጠቅምበት ቀን ቢኖር እንኳ፣ ያን ቀን የተጠቀመው መብት ኖሮት ሳይሆን ተፈቅዶለት ነው። የተፈቀደ ደግሞ ሳይነገር ሊከለከል ይችላል።

አንድ ሳንቲም ለሚበላ ሣጥን ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይሠራል? ለሣጥኑስ ባልጨነቅም ነበር። ዛሬ ግን በስልክ ብድር የሚጠይቅም፣ በስልክ ታክሲ የሚጠራም ሰው ከዚሁ ዓይነት ዳኛ ፊት ነው የሚቆመው። «ይገባሃል»፣ «አይገባህም»፣ «ለዛሬ ይህን ያህል» ይባላል። ደግነቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ አመስግነን እንቀበለው። ግን ልኩን የሰፈረው ማን እንደሆነ፣ በምን ቁና እንደሰፈረው መጠየቅ ምስጋና ቢስነት አይደለም።

እኔ ከሁለቱ ማሽኖች አንዱን ምረጥ ብባል የአዲሱን ማስጠንቀቂያ ከአሮጌው ክፍት ሆድ ጋር አጣምሮ የሚሠራልኝን ባለሙያ እፈልጋለሁ። እስኪገኝ ድረስ ግን ከሚምረኝና ምክንያቱን ከማይነግረኝ ይልቅ፣ የሚቀጣኝንና ለምን እንደቀጣኝ የማየውን እመርጣለሁ። አንባቢ ደግሞ የራሱን ፍርድ ይስጥ።