ማገልገል ውርደት ነውን?

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አንስተን ከእናንተ ጋር ልንመረምር እንወዳለን። ሰው በሌላው ቤት ምግብ ሲያቀርብ፣ ልብስ ሲያጥብ፣ ልጅ ሲያሳድግ ክብሩን ይሸጣልን? ወይስ ክብሩን የሚነካው ሥራው ሳይሆን ሌላ ነገር ነው?

መነሻ የሚሆነን በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሊ ዳንኤልስ አዘጋጅነት የቀረበው «ዘ በትለር» የተባለው ፊልም ነው። በትለር ማለት በእኛ አነጋገር አሳላፊ ነው። ሴሲል ጌይንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በዋይት ሀውስ ፕሬዚዳንቶችን ያስተናግዳል፤ የበኩር ልጁ ሉዊስ ደግሞ በደቡብ ክፍላተ ሀገር ለጥቁሮች መብት ይታገላል። ለታሪኩ መነሻ የሆነው ከ1952 እስከ 1986፣ ለ34 ዓመታት፣ በዚያ ቤት ያገለገለው የዩጂን አለን ሕይወት ነው። ይሁን እንጂ በአባትና በልጅ መካከል የሚታየው ጠብ የተፈጠረ ነው። አለን አንድ ልጅ ብቻ ነበረው፤ እርሱም ቬትናም ዘምቶ በሕይወት ተመልሷል። ጠቡ ፈጠራ ቢሆንም ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው።

ልጁ ምን ይላል? አባቴ ሳህን ይዞ ዝም ብሎ መቆሙ ለበደለኞች መመቸት ነው ይላል። እርሱና ጓደኞቹ ለነጮች ብቻ በተከለለ ምግብ ቤት ገብተው ይቀመጣሉ፤ ይሰደባሉ፣ ይደበደባሉ፣ ይታሰራሉ። ይህን የመሰለ ነገር በ1960 በናሽቪል ከተማ በእውነት ተፈጽሟል። በ1961ም ነጭና ጥቁር አብረው በተሳፈሩበት አውቶቡስ ላይ በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ አኒስተን አጠገብ፣ እሳት ተለቆበታል።

አባትስ ምን ይላል? በልጅነቱ በጥጥ እርሻ ላይ አባቱ በፊቱ ተገድሎበታል። ዝምታን የተማረው ከዚያ ነው። ልጁን አሳድጎ ኮሌጅ ያስገባውም በዚያው በሚናቅበት ሥራ ነው። ታዲያ የአባቱን ሥራ የሚንቅ ልጅ የበላበትን ገበታ መናቁ አይደለምን?

እኛ ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው እንላለን። በመጀመሪያ አገልጋይ ሁሉ ፈሪ ነው የሚለውን እንመልከት። በሞንትጎመሪ ከተማ ከታኅሣሥ 5 ቀን 1955 ጀምሮ ጥቁሮች ለ381 ቀናት በከተማው አውቶቡስ አልሳፈርም ብለው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በእግር ከተመላለሱት መካከል ብዙዎቹ በነጮች ቤት ምግብ የሚያበስሉና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። ምግብ አብሳይ የነበረችው ጆርጂያ ጊልሞር ሌሎች ሴቶችን አስተባብራ፣ ምግብና ኬክ እየሠሩ በመሸጥ ለትግሉ ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። በፍርድ ቤት ስለመሰከረች ከሥራዋ ተባረረች፤ ሥራዋን ግን በገዛ ቤቷ ቀጠለች። እንግዲህ ትግሉን ካቆሙት እጆች መካከል የአገልጋዮች እጆች ነበሩበት።

በሌላ በኩል በትጋትና በትዕግሥት ብቻ ሁሉ ይስተካከላል የሚለውም አያዋጣም። በ1935 የወጣው የአሜሪካ የጡረታ ሕግ የቤት ሠራተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን አላካተተም ነበር። ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን የሚወስነው የ1938 ሕግም የቤት ሠራተኞችን ያቀፈው በ1974 ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንት ትጉህ፣ ስንት ታማኝ ሴት ሠርታ አርጅታለች! ትጋቷ በአሠሪዋ ዘንድ ቢያስመሰግናትም ሕጉን አላስለወጠላትም። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግና የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ የወጡት ብዙዎች አንታዘዝም ብለው ዋጋ ስለከፈሉ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ማርቲን ሉተር ኪንግ ለሉዊስ፣ ጥቁር አገልጋይ በትጋቱና በታማኝነቱ የነጮችን ጥላቻ እንደሚያፈርስ ይነግረዋል። ነገሩ ደግ ነው፤ ግን አንድ ነገር እንጨምርበት። ሰው ክብር የሚገባው ጎበዝ አሳላፊ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው ስለሆነ ነው። ሰነፉም አሳላፊ ቢሆን ሰው ነው።

ስለዚህ ማገልገልና መገዛት ይለያያሉ። ሴሲልም ሳህን መሸከሙን አልጠላም። የጠላው አብሮት ከሚሠራው ነጭ ያነሰ መከፈሉን ነው፤ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ደጋግሞ ይከለከላል። ያገለገለ ሰው ተገቢውን ደመወዝ ካገኘ፣ «አይሆንም» ማለትና ሲፈልግ መሄድ ከቻለ፣ አገልግሎቱ ሥራ ነው። እነዚህ ከተነፈጉት ግን ሥራው የቱንም ያህል ቢከበር መገዛት ነው።

ጥያቄው ወደ እኛም ቤት ይገባል። ከገጠር መጥታ የምታገለግለን እህት በስሟ ትጠራለችን? የዕረፍት ቀን አላትን? ማታ መማር ብትፈልግ ማን ይፈቅድላታል? ወደ ቤይሩትና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደው ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ስለተያዘባቸው እህቶቻችን ስንሰማ እናዝናለን። ያ ኀዘን እውነተኛ የሚሆነው በራሳችን ማጀት ላለችውም ሲተርፍ ነው።

በፊልሙ መጨረሻ ሴሲል ሥራውን ለቆ፣ የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ በመቃወም ከልጁ ጋር ይሰለፋል፤ አብረውም ይታሰራሉ። አባት ልጁን ለማክበር ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ ልጅም አባቱን ለማክበር እንዲሁ። ወጣቶች ሆይ፣ እናንተስ ትፈርዳላችሁ? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት፤ ቤታችሁ የምትሠራዋንም እህት ጠይቋት። ከሁላችንም ይልቅ ጥያቄውን የምታውቀው እርሷ ናትና።