ጨለማው የማን ነው?

ባለፈው የእረፍት ጊዜ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ጓደኛችንን ይዘን፣ ጭሮን አልፈን ሂርና ገባን። በሁለተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ጓደኛችን ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «አቦ፣ እናንተማ ጨለማ ውስጥ ነው ያደጋችሁት!» አለ («አቦ»ን ከኛ ተምሮ መሆኑ ነው)። አብረነው ሳቅን። በዚያው ጨለማ ግን የጫት እስር የተሸከሙ ሰዎች ወደ መኪና ይጣደፉ ነበር። የአንዳችን እናት ኮቴ በሰማች ቁጥር «ኤኙ?» ትላለች፤ አላፊውም ይመልሳል፤ በድምፁ ለይታ የቤተሰቡን ደኅንነት ትጠይቀዋለች። ጓደኛችን ኦሮምኛ አይሰማም። ለሱ የሚያልፈው ሰው ሳይሆን ጥላ ነበር።

ግቢ ተመልሰን የጆሴፍ ኮንራድን «የጨለማ ልብ» ስናነብ ያች ማታ ትዝ አለችን። ኮንራድ በትውልዱ ፖላንዳዊ ነው፤ የገዛ አገሩን ባዕዳን ነገሥታት ተቀራምተዋት ሳለ ተወልዶ ያደገ። በ1890 እ.ኤ.አ. በኮንጎ ወንዝ ላይ በእንፋሎት መርከብ ሠርቷል። ኮንጎ ያን ጊዜ (ከ1885 እስከ 1908 እ.ኤ.አ.) የቤልጂጉ ንጉሥ የዳግማዊ ሊዮፖልድ የግል ንብረት ነበረች፤ ጎማ አላመጣህም ተብሎ የሰው እጅ የተቆረጠባት አገር። ልብ ወለዱ በ1899 እ.ኤ.አ. በመጽሔት፣ በ1902 ደግሞ በመጽሐፍ ወጣ።

ለፈተና የምናጠናው ቀመር አጭር ነው፦ ጨለማ ማለት ክፋት፣ ጨለማ ማለት አፍሪካ። መጽሐፉ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጨበጥም። ታሪኩ የሚጀምረው እዚያው ለንደን አቅራቢያ፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ ሲመሽ ነው። ተራኪው ማርሎ፣ ሮማውያን ሲመጡ ይህም ቦታ ጨለማ ይባል እንደነበር ያስታውሳል። የኩባንያው ዋና ከተማ ነጭ ናት፤ ነጭነቷ ግን የመቃብር ነው። ወንዙ ላይ መርከበኞቹን የሚያሳውራቸው ጉምም ነጭ ነው፤ ሰው የሚያልቅበት የዝሆን ጥርስም እንዲሁ። ከሁሉም ያከራከረን ግን ኩርትዝ የሣላት ሥዕል ናት። አንዲት ሴት ችቦ ይዛለች፤ ዓይኗ ግን በጨርቅ ተሸፍኗል። ብርሃን አምጪዋ አታይም ማለት ነው! እስከዚህ ድረስ ኮንራድ ከኛ ወገን ነው ብንል አላጋነንም።

ታዲያ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ደራሲውን ዘረኛ ያለው ለምንድን ነው? መልሱ ጨለማው ውስጥ ያሉት ሰዎች ዘንድ ነው። ይጮኻሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይሞታሉ፤ አይናገሩም ማለት ይቻላል። የመርከቡን መሪ የሚጨብጠው አፍሪካዊ ጦር ወግቶት ማርሎ እግር ሥር ይወድቃል፤ ደሙ የማርሎን ጫማ ይሞላል። ማርሎ ያዝንለታል፤ ስሙን ግን አይነግረንም። ከመካከላችን «የ1899 ሰው በዛሬ ሚዛን አይመዘንም» ያሉ አሉ። ይሁን። ሆኖም ወራት አብሮ የሠራን ሰው ስም ለመጠየቅ የትኛው ዘመን መምጣት ነበረበት? ዘራፊውን ማጋለጥ ትልቅ ነገር ነው፤ የተዘረፈው አፍ ሳያወጣ ግን ፍርዱ ጎደሎ ነው እንላለን። መጽሐፉ ይጣል አላልንም፤ እኛስ ከሱ አይደል የተማርነው።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ነገሩ አይመለከተንም» የሚል ይኖራል። እስቲ አነጋገራችንን እንመርምር። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ በ1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሕዝቡን «ከመሃይምነት ጨለማ» ማውጣት የዘመኑ ቋንቋ ነበር። ሥራውን አናቃልልም፤ ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ 5 የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ መሆኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ፊደል የቆጠረውን «ዓይኑ በራ» ስንል ያልቆጠረውን ምን እያልነው ነው? ሰውን በኮቴው የምትለይ እናትስ?

ይህን የምንለው ንጹሕ ሆነን አይደለም። ሮማ ለንደንን፣ ለንደን ኮንጎን፣ አዲስ አበባ ሂርናን ጨለማ አለች፤ እኛ የሂርና ልጆች ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለውን የገጠር ቀበሌ ጨለማ እንላለን፤ ከዚያ ለገበያ የሚመጣውን ልጅ አነጋገር እየቀዳን ስንስቅ ነው ያደግነው።

በመጽሐፉ መጨረሻ ማርሎ ለኩርትዝ እጮኛ ይዋሻል፤ እውነቱ ለሷ እጅግ ጨለማ ነው ብሎ። ያን ማታ ሳቃችንን የሰማችው እናት፣ «እንግዳው ምን አለ?» ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችን። እርስ በርስ ተያየን።

«መብራቱ መቼ ይመጣል ነው የሚለው» ብለን ተረጎምንላት።