ያልነካሁት አንበሳ

ፎቶውን ያየሁት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ስጠብቅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ የአንበሳ ደቦል ታቅፋለች። በአንድ እጇ ጡጦ ይዛለች፣ ደቦሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠባል። ከሥሩ እናት አልባ ደቦሎችን ለማሳደግ በበጎ ፈቃደኝነት እንደሄደች ጽፋለች። ምን ልበላችሁ፣ ቀናሁ።

ያን ቀን ማታ ድረ ገጹን ፈልጌ አገኘሁት። ለሁለት ሳምንት በጎ ፈቃደኝነት ክፍያ አለው፣ ያውም በዶላር። ከፍሎ ማገልገል መጀመሪያ አሳቀኝ። ቆይቶ ግን ልክ መስሎ ታየኝ፤ አንበሳ ሥጋ ይበላል፣ ሥጋ ደግሞ በነፃ አይገኝም። ፎርሙን ሞላሁ። ለምን መምጣት እንደፈለግኩ ለሚጠይቀው ቦታ «እንስሳትን ስለምወድ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች መልስ ነው።

ያደግኩት ገርጂ ነው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ግሮሰሪ ነበር፣ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ደግሞ አንዲት ጦጣ ታስራ ትኖር ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ኦቾሎኒ እንገዛላታለን፣ እሷም ከእጃችን ትቀበለናለች። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፣ አሁንም ትዝ ይለኛል። ወገቧ ላይ ሰንሰለቱ ያረፈበት ቦታ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ይታይ ነበር። እኔ ያንን አይቼ የማደርገው ነገር ቢኖር አንድ ኦቾሎኒ መጨመር ነው። ስትታመም አልቅሻለሁ። አንድ ቀን ስንመለስ ዛፉ ሥር ሰንሰለቱ ብቻ ቀርቷል። የት እንደደረሰች የነገረን የለም።

እወዳት ነበር። ይህን ማንም አይክደኝም። ችግሩ ኦቾሎኒውን የምንገዛው ከዚያው ግሮሰሪ መሆኑ ነው። ልጅ ይሰበሰባል፣ ልጁን ሊወስድ የመጣ አባት ቢራ ያዛል፣ ጦጣዋ ሥራዋን ሠራች ማለት ነው። ባለቤቱ እሷን ፈትቶ የሚለቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ ምክንያቱን ያሳጣነው እኛ፣ የምንወዳት ልጆች ነን።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ፎርሙን ከላክሁ በኋላ ስለ ደቦሎቹ ማንበብ ስጀምር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ «ብለድ ላየንስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአጥር ውስጥ የሚረቡ አንበሶች በሺዎች ይቆጠራሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 8,000 ገደማ ነው። መላው አፍሪካ ዱር ውስጥ የቀሩት ደግሞ ከ20,000 እስከ 25,000 ቢሆኑ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ደቦሎቹ ከተወለዱ ከቀናት በኋላ ከእናታቸው ይነጠቃሉ፣ ጡት የማይጠባት እናት ቶሎ እንደገና ስለምትፀንስ። ከዚያ «እናት የላቸውም» ተብሎ ከውጭ ለሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ይሰጣሉ። እሱም ከፍሎ ጡጦ ያጠባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ተባርኮ ወደ አገሩ ይመለሳል። ደቦሉ አድጎ ለመታቀፍ ሲከብድ ከቱሪስት ጋር ይራመዳል። ሙሉ አንበሳ ሲሆን ደግሞ ብዙዎቹ ማምለጥ በማይችሉበት አጥር ውስጥ ለከፋይ አዳኝ ይቀርባሉ፣ አጥንታቸውም ወደ እስያ ይሸጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ይህን ንግድ ማስቆም እንደሚፈልግ አስታውቋል።

እዚያ ጡጦ የያዘው ሰው ክፉ አይደለም። ጓደኛዬን አውቃታለሁ፣ ለመንገድ ውሻ ዳቦ የምትቆርስ ልጅ ናት። እኔንም ያስጨነቀኝ ይኼው ነው። ጭካኔውን በገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው የጨካኞች ክፍያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የመጀመሪያውን ክፍያ የሚከፍለው ግን ፍቅር ነው።

ሩቅ አገርስ ምን አመጣው? እኛም ቤት አለ። ከሶማሌ ክልልና ከአካባቢው የሚታፈኑ የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሊላንድ ዳርቻ አልፈው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሀብታም ቤት ይገባሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ዱር የቀሩት ያደጉ አቦሸማኔዎች በዓለም ላይ 7,000 ገደማ ናቸው። የሚገዟቸው ሰዎች ስቶሪያቸው ላይ ምን እንደሚጽፉ መገመት አያቅትም፦ «እንስሳትን ስለምወድ»።

አንድ ቅዳሜ ቀድሜ ቀጠሮ አስይዤ ወደ ሆለታ ሄድኩ። ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ ከተማዋን አቋርጬ በአስኮና በቡራዩ በኩል፣ የአምቦን መንገድ ይዤ። እዚያ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ያቋቋመው መጠለያ አለ፣ ስሙ «እንስሳ ኮቴ»። ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተያዙ፣ ከሰው ግቢ የወጡ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎች፣ ጦጣዎች ይመጣሉ። ወደ ዱር መመለስ የሚችለው ይመለሳል። በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ግን ማደን ከእናቱ አልተማረም፣ ሰው መፍራትም ረስቷል፤ እሱ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ከታሪካቸው የማይረሳኝ ዶሎ የተባለው ነው። በሶማሊያ ድንበር ዶሎ ከተማ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የኖረ አንበሳ ነው፤ ጎፈሩ አልቆ ነበር ይባላል። ይህን ስሰማ የገርጂዋ ጦጣ ወገብ መጣብኝ።

እዚያ ደቦል ማቀፍ የለም፣ እንዲዋለዱም አይደረግም። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያገለግል ሰው ሥራው ሥጋ መቁረጥ፣ ፋንድያ መጥረግ፣ አጥር መጠገን ነው፣ ያውም እንስሳው ልብ ሳይለው። አንበሳው ከሣሩ ውስጥ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ከፋኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ!

ያ ቅያሜ ነው ያስተማረኝ። ለካ ስመጣ የሆነ ነገር እንዲከፈለኝ ጠብቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትም ልሂድ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ እኔና እኔን መሰሎች ባንመጣ ይህ እንስሳ እዚህ ይሆን ነበር? ሆለታ ያለው አንበሳ፣ አዎ፣ እኛ መጣንም ቀረንም መሄጃ የለውም። ደቡብ አፍሪካ ጡጦ የሚጠባው ደቦል ግን ከእናቱ የተነጠቀው ለእኛ ሲባል ነው። የገርጂዋ ጦጣስ? መልሱን ታውቁታላችሁ።

አንድ ሰው «ካልነኩ እንዴት ይወዳሉ?» ሊለኝ ይችላል። ዋዛ ጥያቄ አይደለም። እኔ ራሴ አንበሳ የወደድኩት አራተኛ ክፍል እያለሁ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወስደውን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ግቢ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የእነዚያ አንበሶች ዘር ከሌሎቹ የተለየ መሆኑን አሳይቷል። ያኔ የወደድኩት ግን በብረት ማዶ ቆሜ፣ ግሣቱ ሆዴን ሲያርደኝ ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አስታውሱ። ጻድቁ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመዋል፣ አንዱንም አላቀፉም፣ አንዱንም አላሰሩም። የተጠማችው ወፍ ራሷ መጥታ እንባቸውን ትጠጣለች። ያ ሥዕል ቤታችን ሳሎን ተሰቅሎ ነው ያደግኩት፣ እንዲህ አድርጌ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ ቡና እያፈላች ነበር። የት እንደዋልኩ ስነግራት «አገሩ ሁሉ ተፈናቅሎ፣ ሰው የሚበላው አጥቶ፣ ለአንበሳ ሥጋ?» አለች። ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ልክ ናት፤ ብርም ጊዜም ተቆጥሮ ነው የተሰጠን። ለአንበሳ ያወጣሁት ብር ለተፈናቀለ ሰው አይደርስም፣ ይህን በቃላት ማለስለስ አልፈልግም። ግን ያ የዶላር ክፍያና የአውሮፕላን ትኬት መቼም ለተፈናቃይ የታሰበ አልነበረም። ለእኔ ፎቶ ነበር። «ሰው እያለ» የሚለው ነገር የሚያሳፍረኝ ለአንበሳው ስሰጥ ሳይሆን፣ በአንበሳውም በሰውም ስም ለራሴ ስሰጥ ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ፈገግ ብላ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ። ማመኗን አላውቅም።

ፎርሙን ሰርዣለሁ። ለጓደኛዬ ያነበብኩትን ላክሁላት፤ ሦስት ቀን ዝም አለችኝ፣ ከዚያ ደውላ አለቀሰች። ፎቶውን አነሳችው። ደቦሉ አሁን ስንት ዓመቱ እንደሚሆን ቆጠርን፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውነው።

እማዬ ያን ማታ ሦስተኛውን እየቀዳች እንደገና ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ አንበሳውን ነካሽው?»

«አይ፣ አልነካሁትም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

«ላየው» አልኳት። «እሱ ግን ከቁብም አልቆጠረኝ።»

እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ግን ያንን ዞር ያለ ፊት አሁንም አስበዋለሁ። እኔን መፈለግ ትቷል። ገርጂ ያለችው ጦጣ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ፊቷን ብታዞርብኝ ኖሮ እላለሁ።