የጎደለው ዘይት የት ሄደ?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ብረትን ከነጥንካሬው ከነጥቅሙ ላወረደ፣ የብሱንና ባሕሩን መጓዣ ላደረገልን፣ በራሳችን አቅም የማንገራውን ለእጃችን ላገራልን ጌታ። ከአላህ በቀር በእውነት የሚመለክ እንደሌለ እመሰክራለሁ፤ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው መሆናቸውን እመሰክራለሁ። የአላህ ሶላትና ሰላም በእሳቸው፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም በተቅዋ አደራ እላለሁ። ሰው አላህን መፍራቱ በሰፍ ውስጥ ሲቆም ብቻ አይታወቅም፤ የመኪና ኮፈን ሲከፈትም ይታወቃል።

አምማ በዕድ፤

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ከረሃብ ብዛት ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ግመል አይተው አለፉ። ያን ጊዜ፣ ችግራቸውን መናገር በማይችሉት በእነዚህ እንስሳት ነገር አላህን እንድንፈራ አዘዙ፤ ስንጋልባቸውም ለመጋለብ ደህና ሆነው ሳሉ እንዲሆን አስጠነቀቁ። ኡለሞች ከዚህ ሐዲስ የተነሱት ስለ እንስሳው ሐቅ ለመናገር ነው። እኔ ዛሬ ከሐዲሱ የምወስደው ሁለተኛውን ነገር ነው፤ መጓጓዣ ደህና ሳይሆን አይጋለብም።

የዛሬው ግመላችን ኮሮላ ነው፣ ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው፣ አይሱዙ ነው። ብረት አይርበውም፣ ነፍስም የለውም። ግን ከግመሉ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ይናገራል። የመሪ ዘይቱ የጎደለ አሮጌ መኪና በየመታጠፊያው ያቃስታል። መሪውን ዳር ድረስ ስትጠመዝዘው «እእእ» ብሎ ይጮሃል፤ ቆሞ ሲዞር ይከብዳል፤ ጠዋት ሲነሳ ደግሞ ይብስበታል። እኛ ምን እናደርጋለን? የመንዙማውን ድምፅ ከፍ እናደርጋለን።

ነገሩን ከሥሩ እንየው፤ ያልገባንን ነገር አማና መጠበቅ አንችልምና። በአሮጌዎቹ መኪኖች ላይ ያለው ፓወር ስቲሪንግ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ይህ አሠራር ለሽያጭ በቀረበ የቤት መኪና ላይ መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካው የክራይስለር ኩባንያ ኢምፔሪያል ላይ ሲሆን፣ በመሠረቱ እስካሁን አልተለወጠም። ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረው ፓምፕ አለ። ፓምፑ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስቦ በግፊት ወደ መሪው ሳጥን ይልከዋል፤ ሾፌሩ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ግፊቱ በዚያው በኩል ገብቶ ጎማውን ያግዝለታል፤ ከዚያ ዘይቱ በመላሹ ቱቦ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሥራው መሄድና መመለስ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች አብዛኞቹ በዘይት ፋንታ በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዙ፣ የእነሱ ባለቤቶች ለጊዜው ማረፍ ትችላላችሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የሞተር ዘይት ሞተሩ ሲያረጅ ይቃጠላል። የፍሬን ዘይትም ሸራው እየሳሳ በሄደ መጠን በማጠራቀሚያው ውስጥ ዝቅ ይላል። የመሪ ዘይት ግን አይቃጠልም፣ በሥራም አያልቅም። ጎድሎ ከተገኘ ወጥቷል። «ትንሽ ትንሽ ይበላል» የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም፤ መኪናው ዘይቱን የሚበላበት ቦታ የለውም።

ታዲያ በየት ወጣ? አንዳንዴ መልሱ ቀላል ነው፤ በመላሹ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለች ፋሼታ ላልታ ይሆናል። አንዳንዴ የቱቦው ጎማ ከሙቀት ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግፊት ተሸካሚው ቱቦ ደግሞ ጎማውና ብረቱ በተጣበቁበት አንገት ላይ ማላብ ይጀምራል። የፓምፑ ሲል (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ሊያልቅ ይችላል። ከሁሉ የሚያታልለው በመሪው ሳጥን ዳርና ዳር ያለው ሲል ሲበላሽ ነው፤ ዘይቱ መሬት ላይ አይንጠባጠብም፣ ዘንጉን በሸፈነው ሽብሽብ ጎማ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ሾፌሩ ከመኪናው ስር አጎንብሶ ያያል፣ ደረቅ መሬት ያያል፣ «አልሐምዱሊላህ ፍሳሽ የለም» ብሎ ይሄዳል። ያንን ሽብሽብ ጎማ በእጁ ጨበጥ ቢያደርገው ኖሮ ውስጡ ሲንቦጫረቅ ይሰማው ነበር። በመሳቢያው ቱቦ በኩል ያለ ቀዳዳም እንዲሁ ነው፤ ዘይት ሳያፈስ አየር ይስባል፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውም አረፋ ይሆናል።

ፍለጋው ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ አካባቢውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ንጹሕ ካርቶን ከስር አንጥፎ ማሳደር ነው። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ቀይ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ከየት ትይዩ እንደወደቀ ይታያል። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን ሲያዞር ሌላው በባትሪ መብራት ያያል። መሪውን ዳር አድርሶ ለረዥም ጊዜ አጥብቆ መያዝ ግን አይገባም፤ የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ ነው፣ መሪው ዳር ላይ ሲያዝ ግን በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በብዙ መኪኖች ከ70 ባር ያልፋል።

ይህን ሁሉ በሚንበር ላይ ለምን አነሳለሁ? የሐረጎን መንገድ ስለማውቀው ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ አጭር መንገድ ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወጣል፣ ይወረዳል። መንገዱ እባብ ነው። እያንዳንዱ መታጠፊያ መሪውን በዝግታ እስከ ዳር ያስጠመዝዛል፤ ያ ደግሞ ፓምፑና ቱቦው ከሁሉ በላይ የሚጨነቁበት ሰዓት ነው። ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልናገር፤ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ቢፈስም መሪው ከጎማው አይቆረጥም፣ በብረት የተያያዘ ነው። ግን ይከብዳል። በአንድ እጁ ሲያዞር የኖረ ሾፌር በመታጠፊያው መሐል ድንገት ሁለት እጁና ትከሻው የማይበቃው ሲሆን፣ ከኋላው 12 ሰው ተቀምጦ፣ በግራው ገደል ሆኖ፣ ያቺን ሰከንድ አስቧት።

ሌላም አለ። ከመኪናችን የፈሰሰው ዘይት ከመንገዱ ላይ ይቀራል፤ ዝናብ ሲያገኘው ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅና ሞተር ሳይክል ያንሸራትታል። ጉዳትን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ድንጋዩን አንስቶ ዘይቱን ያፈሰሰ ሰው ሂሳቡ እንዴት እንደሚወጣ አላህ ያውቃል። በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠበው ደግሞ ሊቀጣጠል ይችላል።

«ታዲያ ጨምሬበት ብሄድስ?» የሚል አለ። ጋራዥ እስኪደርስ ድረስ መጨመር ይገባል፤ እንዲያውም ግዴታ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፑ የሚለሰልሰው በዚያው ዘይት ስለሆነ ደርቆ ከዞረ ይበላሻልና። ይህ ሩኽሳ፣ ለችግር ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ፉቀሃዎች ግን ዶሩራ (አስገዳጅ ችግር) በልኩ ይለካል ይላሉ። ለአንድ ጉዞ የተፈቀደው ነገር ለአንድ ዓመት ልማድ ሲሆን ሩኽሳነቱ ቀርቷል። በመቀመጫው ስር ሁልጊዜ ጠርሙስ ይዞ የሚዞር ሾፌር ችግሩን ያውቀዋል፤ በዘይት ዋጋ ዝምታን እየገዛ ነው።

የሚጨመረውም ቢሆን ዝም ብሎ አይጨመርም። በክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ይነበብ። ብዙዎቹ አሮጌ ቶዮታዎች የሚወስዱት ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ የራሳቸው አላቸው። የፍሬን ዘይት ከመሪው ከገባ ሲሎቹን ያበላሻል። የመሪ ዘይት ከፍሬኑ ከገባ ደግሞ የባሰ ነው፤ የፍሬኑን ጎማዎች አሳብጦ ፍሬን ያሳጣል። ሁለቱ ማጠራቀሚያዎች አንድ ኮፈን ስር ናቸውና ረዳቱን «ዘይት ጨምርበት» ብላችሁ አትላኩት፤ ራሳችሁ ቁሙ።

አሁን ወደ ባለንብረቱ ልምጣ። በዚህ አገር አሮጌ መኪና መያዝ ነውር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን አጥብቆ መያዝ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ነው፤ አላህ በረካ ያድርግበት። ነውሩ ሌላ ነው። ሾፌሩ «መሪው ያቃስታል» ሲል፣ ባለንብረቱ «እስከ ቅዳሜ ሥራበት፤ ገቢዬን ግን አታጉድል» ይለዋል። ወንድሜ፣ ሁላችንም እረኞች ነን፣ ሁላችንም ስለ መንጋችን እንጠየቃለን፤ ሐዲሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያንተ መንጋ በዚያ መኪና የተሳፈረው ሰው ነው፤ ስሙን ባታውቀውም፣ ሒሳቡን ረዳቱ ቢቀበልልህም። ሾፌሩም «ነግሬዋለሁ» ማለቱ ብቻውን አያድነውም። መሪውን የያዘው የእሱ እጅ ነው።

መካኒኩን በአጭሩ አነሳዋለሁ። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ መሆኑ በሐዲስ መጥቷል፤ ኡለሞች በሌላውም ሙያ ሳያውቅ የገባን በዚህ መለኪያ ይመለከቱታል። የላላች ፋሼታ ማጥበቅ ሲበቃ ፓምፕ ያስገዛ፣ ወይም ቱቦ ቀይሮ አየሩን ሳያስወጣ መኪናውን ያስረከበ፣ ሥራውን አልጨረሰም። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪው ከዳር ዳር በዝግታ እየተመላለሰ፣ ዘይቱ እየተሞላ፣ አረፋው እስኪያልቅ መታገስ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ፓምፑ ሲጮህ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ በነጋዴው ያላክካል። ኢሕሳን በሁሉም ነገር ላይ ተደንግጓል፤ በቡሎንም ላይ ጭምር።

ይህን ብዬ ለራሴም ለእናንተም የአላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት፤ እሱ መሐሪ አዛኝ ነው።

(ጥቂት ተቀምጦ ለሁለተኛው ኹጥባ ይነሳል)

ምስጋና የተሰወረውን ለሚያውቀው አላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በታማኙ ነቢይ ላይ ይሁን።

የቀረኝ የሻጩ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ጠየቁት፤ ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ ነገራቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም አሉት፤ ከዚያም የሚያታልል ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ ዝናቡን ያወረደው ሰውየው አይደለም፤ የተጠየቀውም ስለ ዝናቡ አይደለም። ቱቦ ማርጀቱም እንደዚያው ነው።

በእኛ ዘንድ ግን መኪና ለገዢ ከመቅረቡ በፊት ሞተሩ በውኃና በነዳጅ ይታጠባል። ያቺ የዘይት ወዝ ትጠፋለች። ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ይሞላል። አንዳንዱማ ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን መድኃኒት ይጨምርበታል። መድኃኒቱን ራሱን ሐራም አልለውም፤ የደረቀውን ሲል አለስልሶና አሳብጦ ለጥቂት ጊዜ ማላቡን ሊያቆም ይችላል፤ ለተሰነጠቀ ቱቦና ለላላ ፋሼታ ግን አይሠራም። በራስህ መኪና ላይ ከሆነ ምርጫህ ነው። በሽያጩ ዋዜማ ከሆነ ግን እርጥቡን እህል ከስር ማድረግ ነው። ደላላው ደግሞ «አይተህ፣ ፈትነህ ነው የገዛኸው» ይላል። መዝሀቦች ሻጭ ከጉድለት ኃላፊነት ነፃ ነኝ በማለቱ ላይ የተለያየ ቃል አላቸው፤ እያወቀ የደበቀውን በአላህ ፊት ነፃ የሚያደርግ ግን አንዱም የለም። ገዢውም የተደበቀ ዐይብ ሲያገኝ የመመለስ መብት እንዳለው በፊቅህ የታወቀ ነው።

ጀሪር ኢብኑ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነቢዩ ቃል ገብተው ነበር። ጦበራኒይ ዘግበውታል እንደሚባለው፣ ፈረስ በ300 ድርሃም ተገዛላቸው፤ ባለቤቱን «ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል» እያሉ ዋጋውን ራሳቸው ከፍ እያደረጉ እስከ 800 አደረሱለት። ገዢው እሳቸው ናቸው እንግዲህ! ከእኛ ይህን የሚጠይቅ የለም። «ወንድሜ፣ የመሪው ሳጥን ሲል ያፈሳል፣ ዋጋውን በዚያ ልክ እንነጋገር» ማለት ብቻ ነው። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ግልጽ ካደረጉ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁ ደግሞ በረካው እንደሚነሳ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ይነግረናል።

ጌታችን ሆይ! በሐረጎ፣ በጣርማ በርና በዓባይ በረሃ ያሉትን ሾፌሮች ጠብቅ። ተሳፋሪውን ለቤተሰቡ በሰላም መልስ። የባለንብረቱን ሪዝቅ ሐላል አድርግለት፤ ለጥገናው የሚያወጣውን ተካለት። መካኒኮቻችንን ዕውቀት ጨምርላቸው። በመንገድ ላይ የሞቱብንን ማር፤ የተጎዱትን አሽር። ጉድለታችንን ለሚመለከተው ሰው የምንናገርበት ድፍረት ስጠን። አሚን።

ሶላታችሁን ቁሙ።