ስለ ቃል ኪዳንና ስለ ችግረኛ

አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው ተርተዋል። ይህ ተረት የቃልን ክብር ከልጅ ፍቅር በላይ ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፤ የሰማው ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ይሁን እንጂ ረጋ ብሎ ለመረመረው ሰው አንድ ቁም ነገር ይገለጽለታል። ተናጋሪው ይጥፋ ብሎ የፈቀደው የወለደውን፤ ማለት የራሱን ነው እንጂ የጎረቤቱን አይደለም። እንግዲህ አንድ ሰው ቃሉን በመጠበቁ የሚመጣው ጕዳት በራሱ ላይ ሳይሆን በሌላው ላይ የሚወድቅ በሆነ ጊዜ፤ ቃል መጠበቁ እንደ ቀድሞው ምስጋና ይገባዋልን? ወይስ ሌላ ስም ይሰጠዋል?

የዚህ ጥያቄ ምሳሌ በነገሥታትና በጦር አለቆች ታሪክ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በዘመናችን ሰው በየቦርሳው ይዞት ከሚዞረው ከላፕቶፕ ውስጥም ይገኛል። ነገሩ ባለሙያዎች ብቻ የሚከራከሩበት ጥቃቅን ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን በትንሽ ዕቃ የተፈተነ ሕሊና በትልቁም ጉዳይ የሚሠራው ያንኑ ስለሆነ፤ አንባቢው ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት በ1991 ዓ.ም. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከእርሱም በፊት አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲጀምር፤ ሰው የሚሠራበትን ፕሮግራም ውስጡን አንብቦ ሊያውቀው፤ ሊያርመውና ለባልንጀራው ሊያካፍለው ይገባል የሚል መሠረት አኑሮ ነበር። በ1993 የተቋቋመው ዴብያን የተባለው ማኅበር ይህን ሐሳብ ተቀብሎ፤ በ1997 «ማኅበራዊ ውል» የሚል የቃል ኪዳን ጽሑፍ አወጣ። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ፤ ዴብያን ምን ጊዜም ፍጹም ነጻ ሆኖ ይኖራል ይላል። ነጻ ማለትም ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ብቻ አይደለም፤ ያልታሸገ፤ ለሚመረምረው ሁሉ የተገለጠ ማለት ነው።

ችግሩ የተነሣው ከዋይ ፋይ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለችው የሬዲዮ ካርድ ራሷ ትንሽ ኮምፒዩተር ናት። ብዙዎቹ ካርዶች ግን የሚሠሩበትን ፕሮግራም በውስጣቸው አያኖሩም፤ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቍጥር ድራይቨር የሚባለው ክፍል ፕሮግራሙን ከዲስክ አንሥቶ ይጭንባቸዋል። ይህ የሚጫነው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ድራይቨሩ ብዙ ጊዜ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ ለምሳሌ የኢንቴልን ካርዶች የሚያሠራው ድራይቨር በሊኑክስ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ፈርምዌሩን ግን ፋብሪካው አሽጎ ይሰጠዋል። ስለዚህ ለፍጹም ነጻነት ቃል የገባ ማኅበር፤ ይህን የታሸገ ነገር በሚያድለው ዲስክ ውስጥ ቢያስገባ ቃሉን አፈረሰ፤ ባያስገባ ደግሞ የብዙ ሰው ላፕቶፕ ዲዳ ሆኖ ይቀራል።

እስቲ በጀማሪው ቦታ ቆመን እንየው። ሊኑክስን ጭኖ ሲጨርስ በአካባቢው ያሉት የዋይ ፋይ ስሞች አይታዩትም። የሚመክረው ሰው ካገኘ፤ በመጀመሪያ አርኤፍኪል በሚባለው ትእዛዝ ሬዲዮው ተዘግቶ እንደ ሆነ ያያል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ መዘጋት በትእዛዝ የሚከፈት፤ አንዳንዱ ግን በላፕቶፑ ጎን ያለውን ማብሪያ በጣት ካልገፉት የማይከፈት ነው። ቀጥሎም ኤልኤስፒሲአይ በሚባለው ትእዛዝ ካርዱ የማን ሥራ እንደ ሆነ ይለያል። በመጨረሻም ዲሜሴጅ የሚባለውን የሥርዓቱን መዝገብ ገልጦ ሲያነብ፤ ካርዱ እንደ ታወቀ፤ ድራይቨሩም እንደ መጣ፤ የጎደለው ፈርምዌሩ ብቻ እንደ ሆነ ይረዳል። ታዲያ ፈርምዌሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፈርምዌሩ ያስፈልገዋል። በር ከፍቶ እንዳይገባ ቍልፉ ከቤት ውስጥ ነው። የሽቦ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ቢሆን ወይም ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ከስልኩ ኢንተርኔት መበደር ቢያውቅ ይወጣል፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያውም ጀማሪ አይባልም።

እዚህ ላይ ስለ ፋብሪካዎቹም በቅንነት መናገር ይገባል። የሚያሽጉት በክፋት ብቻ አይደለም። የደከሙበትን ሥራ ተወዳዳሪ እንዳይወስድባቸው ይፈራሉ፤ ደግሞም የሬዲዮ ሞገድ የሕዝብ ሁሉ ስለሆነ፤ ማንም ተነሥቶ የካርዱን ኀይልና ሞገድ እንደ ፈለገው እንዳይለውጥ የመንግሥታት ሕግ ያስገድዳል ይላሉ። ይህ ምክንያት ከንቱ አይደለም። ሆኖም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ዕቃ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንዳያውቅ ለዘለዓለም መከልከሉ፤ ከሕጉ ፍላጎት አልፎ የሚሄድ ነው።

ቃሉ ሳይሸራረፍ ይጠበቅ የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ብርቱ ነው። የታሸገውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል ገበያ፤ ሻጩን እንዲከፍት አያስገድደውም ይላሉ። ማስረጃም አላቸው። የብሮድኮም ካርዶች ለብዙ ዓመታት መግለጫ ሳይሰጥባቸው በመቅረቱ፤ ፈቃደኞች ሁለት ቡድን ሆነው፤ አንደኛው የካርዱን ጠባይ መርምሮ መግለጫ ሲጽፍ፤ ሁለተኛው ያንን መግለጫ ብቻ አይቶ ድራይቨሩን ሠራ። ከዚያ በኋላ በ2010 ኩባንያው ራሱ ለአዳዲስ ካርዶቹ የተገለጠ ድራይቨር አወጣ። አቴሮስ የተባለውም ኩባንያ በ2008 ለካርዶቹ የተገለጠ ድራይቨር ሰጠ፤ በ2013ም ለአንዳንድ የዩኤስቢ ካርዶች ፈርምዌሩ ራሱ ሳይቀር ተከፍቶ ተሰጠ። ይህ ሁሉ የተገኘው «የታሸገውን አንቀበልም» ብለው የጸኑ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። የጸና ሰው ባይኖር የሚለምን እንጂ የሚጠይቅ አይገኝም ነበር። ዴብያንም ይህን መንገድ ይዞ፤ በ2011 ባወጣው ስድስተኛ እትም ከሊኑክስ ማዕከል ውስጥ የታሸገውን ፈርምዌር ሁሉ ለይቶ አወጣ። ችግረኛ ለሆነም ፈርምዌሩን የያዘ ሌላ ዲስክ በጎን ይዘጋጅ ነበር፤ ነገር ግን ኦፊሴል ያልሆነ ተብሎ ራቅ ባለ ስፍራ ስለ ተቀመጠ፤ መኖሩን የሚያውቀው ዐዋቂው ብቻ ነበረ።

የሁለተኛው ወገን ክርክር ደግሞ ከዚህ አያንስም። ጀማሪው ዋይ ፋዩ እምቢ ሲለው የሚሄደው ወደ ፍጹም ነጻነት አይደለም፤ ሁለመናው ወደ ታሸገው ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ተመልሶ ይገባል። እንግዲህ አንዲት የታሸገች ፋይል እንዳይቀበል ብለን፤ ብዙ ሺህ የታሸጉ ፋይሎች እንዲቀበል አደረግነው ማለት ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ። ዐይነ ስውር ሰው ሊኑክስን የሚጭነው ኮምፒዩተሩ በድምፅ እያነበበለት ነው፤ በአንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ድምፁም ያለ ታሸገ ፈርምዌር አይሰማም። ለዚህ ሰው የማኅበሩ ንጽሕና ዝምታ ሆኖ ይደርሰዋል። ደግሞስ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፤ ፕሮግራሙ በፋብሪካ ተቀርጾበት የመጣ ቺፕ በየኮምፒዩተሩ ሞልቶ ሳለ፤ ያንን ሳይጠይቁ ተቀብሎ ከዲስክ የሚጫነውን ብቻ መጸየፍ፤ የሚታየውን እድፍ ትቶ የማይታየውን እንደ መልበስ ነው። በ2018 በፕሮሰሰሮች ላይ ትልቅ የደኅንነት ጕድለት በተገለጠ ጊዜ፤ ማስተካከያው በከፊል የመጣው በታሸገ ፕሮግራም ነበር። እርሱን አልቀበልም ያለ ሰው አሮጌውንና ጕድለት ያለበትን የታሸገ ፕሮግራም ይዞ ቀረ እንጂ ነጻ አልወጣም።

እንግዲህ በሁለቱ መካከል ምን እንፍረድ? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ በራስ ላይ የሚፈርዱትንና በሌላው ላይ የሚፈርዱትን መለየት ነው። ፍጹም ያልታሸገ ዕቃ ብቻ ፈልጎ የሚገዛ፤ ባያገኝም ያለ ዋይ ፋይ የሚሠራ ሰው ክብር ይገባዋል፤ ጾሙን የሚጾመው ራሱ ነውና። ነገር ግን ራሱ የኢንተርኔት ችግር ሳይኖርበት፤ ያልመከረውንና ያልጠየቀውን ጀማሪ የሚያስጾም ሰው፤ ቃሉን የጠበቀው በሌላ ሰው ሆድ ነው።

ሁለተኛ፤ የተገባው ቃል ምን እንደሚል እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። የዴብያን ውል አንድ አንቀጽ ብቻ የለውም። አራተኛው አንቀጽ ማኅበሩ የሚያስቀድማቸው ሁለት መሆናቸውን፤ እነርሱም የሚገለገሉበት ሰዎችና ነጻ ፕሮግራሞች እንደ ሆኑ ይናገራል። አምስተኛውም አንዳንድ ሰዎች ነጻ ያልሆነ ፕሮግራም ሳይጠቀሙ እንደማይሆንላቸው ያምናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንቀጽ ይዞ አራተኛውን የጣለ ሰው ቃሉን በሙሉ ጠበቀ አይባልም።

ሦስተኛ፤ በግልጽ የሚደረገውንና በስውር የሚደረገውን መለየት ነው። «የቸገረው እርጕዝ ያገባል» ይባላል። የቸገረው ሰው ማግባቱ አያስነቅፈውም፤ የሚያስነቅፈው ሆዷን ሸፍኖ ምንም የለም ማለቱ ነው። ዴብያን በ2022 ጉዳዩን ለአባላቱ ድምፅ አቀረበ። ውሉን የሚለውጥ ሐሳብ እንዲጸና፤ የሚደግፉት ከሚቃወሙት ሦስት እጅ መብለጥ ነበረባቸው፤ እንዲሁም ሆነ። ኦፊሴሉ ዲስክ ለሚያስፈልገው ዕቃ የታሸገ ፈርምዌር ሊይዝ እንዲችል በውሉ አምስተኛ አንቀጽ ላይ ተጨመረ። ነገር ግን ፈርምዌሩ የራሱ ክፍል ተሰጥቶት ተለይቶ እንዲቀመጥ፤ የማይፈልገው ሰው ሲጀምር የሚዘጋበት መንገድ በተቻለ መጠን እንዲኖረው፤ የተጫነውም ፈርምዌር ምን ምን እንደ ሆነ ለባለቤቱ እንዲነገረውና ተመዝግቦ እንዲቀመጥለት ተወሰነ። በሰኔ ወር 2023 የወጣው ዐሥራ ሁለተኛው እትም በዚህ ውሳኔ መሠረት የተዘጋጀ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ሰው ግን፤ በድምፅ ብልጫ የሚለወጥ ቃል ምን ቃል ይባላል? ብሎ ሊቃወም ይችላል። ይህ ተቃውሞ ተገቢ ነው። ቃል በቸገረ ጊዜ ሁሉ የሚታጠፍ ከሆነ ከነፋስ አይሻልም። ነገር ግን ቃሉን በጓዳ የሚያጥፍና በአደባባይ፤ ምክንያቱን ተናግሮ፤ የለወጠውንም ጽፎ የሚያሳይ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሰማውን ሰው ያታልላል፤ ሁለተኛው ግን ከዛሬ ጀምሮ ከእርሱ ምን እንደሚጠበቅ ለሁሉም ያስታውቃል። ሆኖም በዚህ ለውጥ የጠፋ ነገር የለም ብሎ መናገር ሐሰት ነው። ፋብሪካዎችን ይገፋ የነበረው ግፊት ቀንሷል። ስለዚህ የታሸገውን ስለ ባልንጀራው ሲል የተቀበለ ሰው አንድ ዕዳ ይቀርበታል፤ እርሱም መጠየቅን አለመተው ነው። ካርድ ሲገዛ የተከፈተውን ቢመርጥ፤ ሻጩንም ስለ ምን ታሸገ ብሎ ቢጠይቅ፤ ዕዳውን በከፊል ይከፍላል። ዋይ ፋዩ ከሠራለት በኋላ ነገሩን ፈጽሞ የሚረሳው ሰው ግን፤ በርኅራኄ ስም ስንፍናን ያስገባ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በኑሮህ ይህን የመሰለ ፈተና በሌላ መልክ ይገጥምሃል። አንድ ደንብ ጠባቂ ሆነህ በበር ላይ በቆምህ ጊዜ፤ ችግረኛው መጥቶ ደንቡ የማይፈቅድለትን ይለምንሃል። ያን ጊዜ ከመመለስህ በፊት፤ የጽናቴን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ብለህ ራስህን ጠይቅ። ከፋዩ አንተ የሆንህ እንደ ሆነ ጽና። ከፋዩ እርሱ የሆነ እንደ ሆነ ግን ደንቡን እንደ ገና እስከ መጨረሻው አንብበው፤ የሚሻሻል ከሆነም በአደባባይ አሻሽለው። የራሱን ልጅ ስለ ቃሉ የሰጠ ሰው ጀግና ነው፤ የጎረቤቱን ልጅ የሰጠ ግን ቃል ጠባቂ ተብሎ አይመሰገንም።