ስለ ቍጣና ስለ ምሕረት
ንባብ፤ ትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 4



ዮናስ ከነነዌ በስተ ምሥራቅ በተቀመጠ ጊዜ ፀሐይ ራሱን መታው፤ ከፀሐዩ ይልቅ ግን ያቃጠለው በልቡ ያለው ቍጣ ነበረ። ጠላቶቹ ምሕረት አግኝተዋልና።

እኛም ቁረይሻን እናስብ። በሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ በአገራችን ወሰን አጠገብ የምትገኝ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልባት ቆላ ናት። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ስለ ወሰኑ ውል ተፈረመ፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በአል ፋሽጋ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ሲያርሱት ወደ ኖሩት መሬት በገባ ጊዜ ብዙዎች ሰብላቸውን ጥለው ወጡ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ የሱዳንም ስደተኞች በገላባት በኩል ወደ መተማ መጡ።

እንግዲህ እርሻውን ያጣ ሰው፣ ከዚያው አገር የመጣች እናት ሕፃን አዝላ ውኃ ብትለምነው፣ ልቡ ምን ይለዋል?

ወዳጆቼ ሆይ፤ መብትን በዳኛ ፊት መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ቍጣን መደበቅም ጽድቅ አይደለም፤ የተዳፈነ ፍም ቤት ያቃጥላልና። ዮናስ ቍጣውን ለእግዚአብሔር ነገረ፤ እግዚአብሔርም አላባረረውም፤ ጠየቀው እንጂ። አንተም ቍጣህን ለጎረቤትህ ሳይሆን አስቀድመህ ለጌታ ንገር። መዝሙረኛው በመኝታህ ላይ ዝም ብለህ ልብህን እንድትመረምር ያስተምርሃል (መዝ. 4፥4)። ሐዋርያውም ለቍጣ እስከ ፀሐይ መግቢያ ብቻ ዕድሜ ሰጠው (ኤፌ. 4፥26)። ከዚያም ልብህ ገና ሳይበርድ እንኳ ውኃውን ስጥ፤ እጅ ምሕረት ሲያደርግ ልብ ብዙ ጊዜ በኋላው ይከተላልና።

ነገር ግን ይህን በራሳችን ጕልበት ማድረግ አንችልም። ሕጉ ቍጣችንን ይገልጣል እንጂ አያጠፋውም። የሚያጠፋው፣ እኛ ጠላቶቹ ሳለን ስለ እኛ የሞተው፣ በመስቀልም ላይ ለሰቀሉት የለመነው ክርስቶስ ነው። ይቅር የተባለ ሰው ይቅር ለማለት ኃይል ያገኛል።

የዮናስ መጽሐፍ በእግዚአብሔር ጥያቄ ይፈጸማል፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም። መልሱ ዛሬ በደጃችን ቆሞ ውኃ ይለምናል። መንፈስ ቅዱስ ለመልካም መልስ ያብቃን። አሜን።