ሁለት እጁ የተያዘ ሰው

ጀሞ ነው። ደረጃ እንጂ አሳንሰር ከሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ባንዱ፣ የሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ አምፖል ተቃጠለ።

ነዋሪው ብዙም አልተቸገረም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ደረጃው ሲጨልም ሁሉም ስልኩን ያወጣል፣ መብራቱን ያበራል፣ እግሩ ሥር እያየ ወጥቶ ቤቱ ይገባል። በሩን ሲዘጋ ጨለማውንም እዚያው ውጭ ይተወዋል።

የሕንፃው ማኅበር ግን ነገሩን አልናቀውም። እሑድ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። አንደኛ ፎቆች፣ «እኛ እዚያ ድረስ አንወጣም» አሉ። ሦስተኛ ፎቆች፣ «እኛ ከመታጠፊያው በፊት ነው የምንገባው፤ በእሱ የሚያልፉት አራተኛ ፎቆች ናቸው» አሉ። አራተኛ ፎቆች ደግሞ፣ «የእኛ ፎቅ አምፖል በርቷል፤ የሌላ ፎቅ አምፖል ስለ ምን እንገዛለን?» አሉ። አንድ ሕግ ያነበበ ሰው ተነሣና የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ጠቀሰ፤ ደረጃ የማንም ቤት ስላልሆነ የሁሉም ነው አለ። ሰብሳቢው ደስ አላቸው። «እንግዲያው የሁሉም ከሆነ ከሁሉም ይዋጣ» አሉ። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ሁሉም ፈረመ። ገንዘብ ያዧ በየበሩ አንኳኳች። ግማሹ ቤት የለም፤ ግማሹ «ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ተመለሺ» አላት። ወር አለፈ። ሌላ ወር ተከተለ።

በዚያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ከለገዳዲ ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓድ፣ ተራው ካልደረሰ ቧንቧው ይደርቃል፤ ተራው ደርሶም ጉልበቱ ላይኛው ፎቅ ድረስ አያወጣውም። ስለዚህ ከምድር ቀድቶ ወደ ላይ የሚያወጣ አንድ ልጅ አለ፤ የሚከፈለው በጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትሩን አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ ይይዛል። 40 ኪሎ ውሃ ማለት ነው። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው ስልክ አያበራም። ደረጃውን በእግሩ ጣት እየዳበሰ ይወጣል።

አንድ ምሽት ልጁ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጀሪካኖቹን አወረደ። ክዳናቸው መጥበቁን በእጁ አረጋገጠ። ጎን ለጎን አስጠጋቸው፤ እንዳይነቃነቁም አንዱን ከግድግዳው ጋር አገናኘው። ጫማውን አወለቀ፤ ሰዎች የሚጠጡት ውሃ ነውና በጭቃ ጫማ አይረግጠውም። ከካፖርቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፣ ጋዜጣውን መልሶ ኪሱ ከተተ፣ በባዶ እግሩ ጀሪካኖቹ ላይ ቆመ። አሮጌውን አምፖል በዳበሳ ፈታው። አዲሱን አሰረው። በራ። ጫማውን አጠለቀ፣ የተቃጠለውን አምፖል ኋላ ሊጥለው ኪሱ አስገባ፣ ጀሪካኖቹን አንሥቶ ወጣ።

ይህን ያየው አራተኛ ፎቅ በራቸው ላይ ውሃቸውን የሚጠብቁ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል።

በማግሥቱ ነዋሪው ደረጃውን በብርሃን ወጣ። «ማኅበራችን ሠራ!» ተባለ። ሰብሳቢው ሲመሰገኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገንዘብ ያዧ ገዝታው ይሆናል ብለዋላ። ገንዘብ ያዧም ሰብሳቢው ገዝተውት ይሆናል ብላ ዝም አለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ እማማ ያዩትን ተናገሩ። ተጨበጨበ። «የተባረከ ልጅ!» ተባለ። ቀጥሎም በቃለ ጉባኤው፣ ከእንግዲህ የደረጃው አምፖል ጉዳይ ልጁን ይመለከታል የሚል ሰፈረ። ልጁ ስብሰባው ላይ አልነበረም፤ ውሃ እያወጣ ነበር። አምፖሉን በስንት ገዛኸው ብሎ የጠየቀው ሰውም አልነበረም።

ከወራት በኋላ አምፖሉ እንደገና ተቃጠለ። ሰብሳቢው ስልካቸውን አብርተው ሲወርዱ፣ ልጁ በሁለት ጀሪካን ሲወጣ መታጠፊያው ላይ ተገናኙ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው አምፖሉን ረሳኸው? ተመድቦብሃል እኮ።»

ልጁ ጀሪካኖቹን ሳያወርድ ቆመ። «ጋሼ፣ ማን መደበኝ? ያን ጊዜም የገዛሁት ሁለት እጄ ስለተያዘ ነው። አንድ እጄ ባዶ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ እናንተ ስልኬን አብርቼ አልፍ ነበር።»

ብዙ ሳይቆይ ልጁ ሰፈሩን ለቀቀ። ከፒያሳ አትክልት ተራ ተነሥቶ፣ ጃንሜዳ ሰንብቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት ወደ ሰፈረው የአትክልት ገበያ ሄደና ሽንኩርት አውራጅ ሆነ።

የውሃው ተራ ደረሰ፤ የሚያወጣው ግን ጠፋ። የሰብሳቢው ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። በዚያ ምሽት ሁለት ጀሪካን ራሳቸው ቀድተው፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ጨለማው ተቀበላቸው። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። የሚያወጣው እጅ የለም። አንድ እግራቸውን አንሥተው ደረጃውን ፈለጉት፤ አጡት። ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ውሃውን እዚያው አስቀምጠው ወረዱ፤ ምድር ቤት ካለው ሱቅ አምፖል ገዙ። ስብሰባ አልተጠራም። መዋጮ አልተጠየቀም። ቃለ ጉባኤም አልተጻፈም።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ሰብሳቢውን ክፉ ሰው አድርጎ ያነበበ ካለ ተሳስቷል። ደግ ሰው ናቸው፤ እሑዳቸውን ለማኅበሩ ይሰጣሉ፣ ደመወዝም የላቸውም። ሁለቱን ወር ሙሉ ጨለማውን ያላዩት፣ ስልኩ ይበቃቸው ስለነበር ነው።

ይህ ደረጃ በየመሥሪያ ቤታችን አለ። የትኛው ወንበር እግሩ እንደላላ የምታውቀው በየጠዋቱ አንሥታ የምታጸዳው ናት፤ ስለ ወንበር በሚደረገው ስብሰባ ግን አትጠራም። በየቤታችንም አለ። የማዕድ ቤቱ መስኮት እንደማይከፈት የምታውቀው ምጣድ ፊት የቆመችው ናት፤ ሌላው ሰው እንጀራውን የሚያገኘው ሳሎን ነው። አንድ ቀን መስኮቱን ራሷ ብታስጠግን ደግሞ፣ እናመሰግናታለን፤ ከዚያም መስኮት ሁሉ የእሷ ሥራ ይሆናል። ምስጋናችን ሸክም ሆኖ የሚመለሰው እንዲህ ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ከጨለማው ይልቅ ያ ጭብጨባ ነው።

በእናንተም ሕንፃ ላይ አምፖል የቀየረ፣ ቧንቧ ያጠበቀ፣ የተሰበረ እጀታ ያሰረ አንድ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ማታ ስታገኙት ስንት እንዳወጣ ጠይቁትና ክፈሉት። ቀጣዩን እናንተ ግዙ።